ኮድ ማጥፋት ጥገና አይደለም

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለቀድሞ ተማሪዎቼ ነው። ጋራዥ ለከፈታችሁት፣ በሰው ጋራዥ ለምትሠሩት፣ ስካነር በቦርሳ ይዛችሁ ከደምበጫ እስከ ቡሬ ለምትሯሯጡት። አንዳንዶቻችሁ ትቆጡኛላችሁ። ተቆጡ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ተቆጡ። መኪና ለመግዛት ብር እያጠራቀማችሁ ያላችሁ ወዳጆቼም አንብቡት፤ ከታች ለእናንተ የሚሆን ነገር አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ ጅጋ ላይ ጋራዥ ያለው ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ አንድ ቶዮታ ሃይብሪድ ቆሞብኛል። ኮዱን ባጠፋው ይነሳል፤ ግን አልተመቸኝም» አለኝ። አልተመቸኝም ማለቱን ወደድኩለት። መካኒክ መሆን የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ባለቤቱ የቡሬ ነጋዴ ናቸው። መኪናውን አዲስ አበባ ላይ በደላላ ገዝተው፣ ቤተሰባቸውን ጭነው ወደ አገራቸው እየተመለሱ ነበር። ሲገዙ «አዲስ ገቢ፣ ንክች ያላለ» ተብለዋል። ቁልፉን ሲያስረክቧቸው ደግሞ አንዲት አውራ ጣት የምታክል መሣሪያ ጨመሩላቸው። «ይህችን ከመሪው ሥር ይሰኳታል፤ መብራት ከበራብዎ በስልክዎ ክሊር ይበሉት። የሃይብሪድ ጠባይ ነው፣ አይጨነቁ» አሏቸው።

የሃይብሪድ ጠባይ! እስቲ ልብ በሉ። ሻጩ መኪናው እንደሚታመም ያውቃል፤ ማስታገሻውንም አብሮ ሸጧል።

ጎሃ ጽዮንን አልፈው ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ በረታ፤ ልጆቹ ተነጫነጩ፤ ኤሲ ከፈቱ። ድልድዩን ተሻግረው ወደ ደጀን ሲወጡ ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ ሦስት ማዕዘን በራ። ደጀን ላይ ሻይ ሊጠጡ አቁመው ካጠፉት በኋላ መኪናው «ሬዲ» አልል አለ። መሣሪያዋን ሰኩ፣ ክሊር አሉ፣ ተነሳ። ደብረ ማርቆስ ላይ እንደዚያው። ደምበጫ ላይ እንደዚያው። ጅጋ ላይ ሲደርሱ የስልካቸው ባትሪ አለቀ። ተማሪዬ ጋ የመጡት ለዚህ ነው፤ ሊያስጠግኑ አልነበረም። «ይህችን አጥፋልኝና ልሂድ፤ ልጆቹ ርቧቸዋል» ነው ያሉት።

ኮዱ ፒ0ኤኤ6 ነው። ሃይብሪድ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ላልሠራችሁት ላስረዳ።

ተራ መኪና 12 ቮልት ባትሪ አለው፤ ኔጌቲቩ ከቦዲው ጋር ታስሯል፤ ብትነካው ምንም አይልህም። ሃይብሪድ ሌላ ነው። ለምሳሌ ሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ 28 ሞጁል ተደርድሮ 201.6 ቮልት የሚሰጥ ባትሪ አለው፤ ኢንቨርተሩ ደግሞ ይህንን እስከ 500 ቮልት ያሳድገዋል። ቤታችን ሶኬት ውስጥ ያለው 220 ነው። ይህ ኃይል የሚሄደው በእነዚያ ብርቱካናማ ገመዶች ነው፤ ከቦዲው ጋርም በምንም መንገድ አይገናኝም። ፖዘቲቩም ኔጌቲቩም ከብረቱ ተለይተው ነው የሚኖሩት። መኪናው ራሱ ይህንን መለየት ሁልጊዜ ይለካል። ኃይሉ የሆነ ቦታ ወደ ቦዲው ማፍሰስ ሲጀምር ነው ፒ0ኤኤ6 የሚጽፈው።

አንድ ቦታ ብቻ ሲያፈስ ወዲያው ሰው አይገድልም። ችግሩ ሁለተኛው ነው። አንደኛው ጫፍ ቦዲውን ከነካ፣ ከዚያ በኋላ ሌላኛውን ጫፍ የሚነካ ሰው፣ ሌላው እጁ ብረት ላይ ካረፈ፣ ገመዱን የሚያገናኘው እሱ ራሱ ነው። መካኒኩ ሊሆን ይችላል። አደጋ ደርሶ በሩን ጎትቶ ሰው ሊያወጣ የሮጠ የመንገድ ዳር ገበሬም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ መኪናው «አንዱ በር ተከፍቷል፣ ሁለተኛው ሳይከፈት ድረሱልኝ» እያለ ነው። እኛ የምንመልስለት መልስ «ዝም በል» ሆነ።

አሁን ስለ ኮዱ ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን ልንገራችሁ። ቶዮታ ከፒ0ኤኤ6 ጋር አንድ ንዑስ ቁጥር ይመዘግባል። 611 ከሆነ ማፍሰሱ ያለው ኤሲው አካባቢ ነው። 612 ባትሪው፣ 613 ትራንስአክስሉ፣ 614 ደግሞ የከፍተኛ ቮልቴጅ ዲሲ መስመሩ ነው። መኪናው «ታምሜአለሁ» ብሎ ብቻ አይተውም፤ የሚያመውን ቦታ በጣቱ ያሳያል። ክሊር ስትሉት ከኮዱ ጋር ይህም ንዑስ ቁጥር ይጠፋል። ኮዱ የተመዘገበበት ቅጽበት ያለው ፍጥነት፣ ሙቀት፣ ቮልቴጅ፣ እሱም ፍሪዝ ፍሬም የምንለው፣ አብሮ ይጠፋል። ደጀን ላይ አንዴ፣ ማርቆስ ላይ አንዴ፣ ደምበጫ ላይ አንዴ ማስረጃው ተቃጥሏል። ደግነቱ ጅጋ ላይ ስልኩ ሞተ።

ተማሪዬን «ንዑስ ቁጥሩን ንገረኝ» አልኩት። 611።

«ኮፈኑን ክፈትና ራዲያተሩ ፊት ያለውን ኮንደንሰር እየው» አልኩት። አዲስ ነው አለኝ። የራዲያተሩ ደጋፊ ብረት ተቀጥቅጦ ተቃንቷል፤ በቀለም ተሸፍኗል፤ ብሎኖቹ ጭንቅላት ላይ ቀለሙ ተፍቋል። ንክች ያላለው መኪና ፊት ለፊት በደንብ አድርጎ ተጋጭቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወጥመዱን እዩት። የሃይብሪድ ኤሲ ኮምፕሬሰር በቺንጋ አይዞርም፤ በውስጡ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው፤ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ይጠጣል፤ ዘይቱም ሞተሩ ጠመዝማዛ ሽቦ ላይ ነው የሚዋኘው። ስለዚህ ፋብሪካው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የተለየ ዘይት ያዝዛል። መኪናው ተጋጭቶ ኮንደንሰሩ ሲቀደድ፣ ጋዝና ዘይት ሲሞላ፣ አንድ ሰው ለተራ መኪና የሚሆነውን ዘይት ከሞላበት አለቀ፤ ያ ዘይት ኮረንቲን ወደ ቦዲው ያሻግራል። በዚህኛው መኪና የሆነው ይህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ኤሲው ሳይከፈት ብዙ መንገድ ስለሄደ አልታወቀም። ዓባይ በረሃ አጋለጠው።

ተማሪዬ «እሺ፣ የኮምፕሬሰሩን ሶኬት ነቅዬ ልለካው» አለኝ። «ጓንት አለህ?» አልኩት።

ዝም አለ።

የኔ ዓመታት የማስተማር ሥራ በዚያች ዝምታ ውስጥ ተመዘነ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፤ ግን 1000 ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት የለውም፤ እንዲኖረው ያስተማርኩትም አይመስለኝም። «በል አትንካው። መኪናውን አጥፋ፣ ቁልፉን አርቅ፣ የ12 ቮልቱን ኔጌቲቭ ፍታ። ሰርቪስ ፕለጉን የምትነቅለው ጓንት ስታገኝ ነው። ከነቀልክም በኋላ ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች እስኪራገፉ ቢያንስ 10 ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ ከዚያም ዜሮ መሆኑን በሜትር ታረጋግጣለህ» አልኩት። በማግስቱ ከፍኖተ ሰላም ጓንትና ሜገር ተውሶ ለካው። ኮምፕሬሰሩ ያፈስሳል።

በነገራችን ላይ ሌላም ነገር አገኘ። ቁልፍ ሲከፈት የኤርባግ መብራት ጭራሽ አይበራም። ጤነኛ መኪና ላይ ያ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ራሱን ይፈትሽና ይጠፋል። የማይበራ ከሆነ ወይ ተነቅሏል ወይ ተሸፍኗል። የመሪው መሀል ክዳንም ዙሪያው በማጣበቂያ ተይዟል። ከክዳኑ ሥር ኤርባግ መኖሩን እግዜር ይወቅ። የፈነዳውን ኤርባግ ሳይተኩ በቦታው ሬዚስተር ሰክተው ኮምፒውተሩን «አለ» ብለው የሚያታልሉ እንዳሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀውን እናንተም ታውቃላችሁ፤ አንደባበቅ።

ልጁ ስልኩን ለባለቤቱ ሰጣቸው። «አያ፣ ይህ መኪና ተጋጭቶ የተሠራ ነው፤ ኮረንቲ ያፈስሳል፤ ኤርባግም ያለው አይመስለኝም። ልጆቹን አይጫኑበት» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቀጥለው «መምህር፣ ያለኝን ብር ሁሉ እኮ ነው ያፈሰስኩበት» አሉኝ። ምን ይባላል? ያንን ድምፅ ከሰማሁ ጀምሮ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት።

አሁን ወደ ክርክሩ። ይህን ስናገር ከእናንተ የምሰማቸውን መልሶች አውቃቸዋለሁ።

አንደኛ፣ «ቲቸር፣ ካላጠፋሁለት ፍኖተ ሰላም ሄዶ ያስጠፋዋል»። ልክ ነው፣ ያስጠፋዋል። ታዲያ ያ የፍኖተ ሰላሙ ሰው ይጠየቅበት። ሌላው ያደርገዋል ብሎ ማድረግ ሙያ አይደለም። ፋርማሲስት «እኔ ባልሸጥለት ሌላው ይሸጥለታል» ብሎ መርዝ ቢሸጥላችሁ ምን ትሉታላችሁ?

ሁለተኛ፣ «ድሃ አገር ነን፤ አዲስ ኤርባግ፣ አዲስ ኮምፕሬሰር ማን ይችላል?» ይህኛው ከበድ ይላል፤ እኔም እንደ ቀልድ አላየውም። ከሶማሌ ተራ የተፈታ ዕቃ ስናመጣ የኖርነው ስለማንችል ነው። የተጋጨ መኪና መጠገንም ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ከባዱና የሚያኮራው ሥራ እሱ ነው። ግን ድህነት መጠገን አለመቻልን ያስረዳል እንጂ መዋሸትን አያስረዳም። ኤርባግ የለውም? የለውም ብለህ ሽጥ፤ ዋጋውን ቀንስ። ኤሲው አይሠራም? አይሠራም በል። ብር ያጠረው ሻጭ እውነቱን ደብቆ ጉድለቱን ወደ ገዢው ኪስ ሲያዞረው ድህነቱ አልጠፋም፤ ከአንድ ድሃ ወደ ሌላ ድሃ ተላለፈ። በዚያ ላይ ሕይወት ተጨመረበት።

ሦስተኛ፣ «ታዲያ ስካነሩ ላይ ማጥፊያ ለምን ተሠራ?» ጥሩ ጥያቄ። እኔ ኮድ አይጥፋ አላልኩም። ማጥፊያው የተሠራው ከጥገና በኋላ ለመጠየቅ ነው። ሁሉንም ኮምፒውተሮች ታነባለህ፣ ሞተሩን ብቻ አይደለም፤ ኤርባጉን፣ ኤቢኤሱን፣ ሃይብሪዱን። ትጽፈዋለህ። ምክንያቱን ታገኛለህ፣ ትጠግናለህ። ከዚያ ታጠፋለህ፣ ኤሲ ከፍተህ፣ ዳገት ወጥተህ፣ ቁልቁለት ወርደህ ትነዳዋለህ። ተመልሰህ ታነባለህ። ካልተመለሰ ሠርተሃል። ሳይጠግኑ ማጥፋት ግን ምስክር ማጥፋት ነው። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ስለ ሰው ነበር፤ ለመኪናም ይሠራል።

የኔንም ጥፋት ልናገር፤ እናንተን ብቻ ስወቅስ ብውል ነውር ነው። ስካነር መጀመሪያ ወደ ወርክሾፓችን የገባ ጊዜ፣ ሰሌዳ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ አንዳንዶቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ «አንብብ፣ አጥፋ፣ ንዳ»። ሦስት ቃል። «ጠግን» የምትለዋ አራተኛዋ ቃል የለችበትም። ካርቡሬተር ፈትተን ገጥመን ያደግን መምህራን ነበርንና ኮምፒውተሩ አስማት መስሎን ነበር፤ መብራቱ ሲጠፋ እኛም ያከምነው መሰለን። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ዛሬ እዚህ ላይ አጠፋዋለሁ።

ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ የወደፊቱ መኪና በሙሉ ወደዚያው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ ብቻ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች በየከተማው እየታዩ ነው። ብርቱካናማው ገመድ ጅጋም ደርሷል። እነዚህም መኪኖች ይጋጫሉ፤ በኛ መንገድ ላይ አህያም፣ ባጃጅም፣ በቆሎ የጫነ አይሱዙም አለ። ሲጋጩ ወደናንተ ነው የሚመጡት።

የተጋጩት መኪኖች ከየት ይመጣሉ? አንዱ መንገድ ከውጭ ነው። ሁለተኛው መንገድ እዚሁ ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያ ለባለንብረቱ ሙሉ ካሳ ከፍሎ የተረከበውን የተጎዳ መኪና በጨረታ ይሸጣል፤ ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ይህ በራሱ ወንጀል የለበትም። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ «ሳልቬጅ» የሚል ምልክት ይጻፍበታል፤ የገዛው ሁሉ ያየዋል። እኔ በሕይወቴ ብዙ ሊብሬ አይቻለሁ፤ «ከከባድ ግጭት የተጠገነ» የሚል ቃል ያለበት አንድም አላየሁም። ቦሎ ልናሳድስ ስንሄድም ፍሬንና መብራት ሲታይ አይቻለሁ፤ የኤርባግና የሃይብሪድ ኮምፒውተር ሲነበብ ግን አላየሁም። አንዲት መስመር ሊብሬ ላይ፣ አንዲት ሶኬት ምርመራው ላይ፤ ይኸው ነው የምጠይቀው። ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ነገር አይደለም።

ሻጮችም አትዘናጉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ያስቀምጣል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ነጋዴ ሸማቹን እንዳያሳስት ይከለክላል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ማስረጃ ነው። ማስረጃውን የሚያጠፋው ደግሞ የኛ እጅ ነው።

ለገዢዎች ቃል ገብቻለሁ፤ እነሆ።

ቁልፍ ክፈቱና መብራቶቹን እዩ፤ ሞተር ሳትቀሰቅሱ። የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ካልበራ ወይም ካልጠፋ ቆም በሉ።

የታመነ መካኒክ ስካነር ይሰካ። «ኮድ የለም» የሚለው ብቻ አይብቃችሁ። «ኮድ ከጠፋ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መኪናው ይህንን ይቆጥራል። መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ሞኒተሮችም ኮድ ሲጠፋ አብረው ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። ኮድ ምንም የለም፣ ሞኒተሮቹ ግን «ገና አልተጠናቀቀም» ካሉ፣ ወይ ባትሪ ተፈትቷል ወይ ጠዋት ሰው አጥፍቶ ነው የላከላችሁ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ የቅርብ ዓመታት መኪኖች ደግሞ ቋሚ ኮድ የሚባል አላቸው፤ እሱን ስካነርም ባትሪ መፍታትም አያጠፋውም፤ መኪናው ራሱ ችግሩ መወገዱን ፈትኖ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው የሚሰርዘው። እሱንም አስነብቡ።

ኤሲውን ከፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱት። ሻጩ «ኤሲ አያስፈልግም፣ አየሩ ጥሩ ነው» ካለ የበለጠ ክፈቱት።

ባለ 17 አኃዙን የሻንሲ ቁጥር ውሰዱ። መኪናው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ እዚያ ላለ ዘመዳችሁ ላኩለት፤ በቁጥሩ ታሪኩን ማየት ይቻላል፤ አንዳንዴም ተጨራምቶ ለጨረታ የቆመበት ፎቶው ይገኛል።

ለተማሪዎቼ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። የተጋጨ መኪና ሲገባላችሁ ከመንካታችሁ በፊት የሁሉንም ኮምፒውተር ኮድ አንብባችሁ ፎቶ አንሱ። ስትጨርሱም እንደገና አንሱ። ሁለቱንም ለባለቤቱ ስጡ፤ ደረሰኙ ላይ «ይህ ተጠገነ፣ ይህ አልተጠገነም» ብላችሁ ጻፉና ፈርሙ። ጓንትም ግዙ። ከስካነሩ በፊት ጓንት።

የጅጋው ልጅ ኮዱን አላጠፋም። ባለቤቱ መጀመሪያ ተቆጡት፤ ከዚያ ልጆቹን በሚኒባስ አሳፍረው ላኩ። መኪናውን አይሱዙ ላይ ጭነው ወሰዱት። መጎተት እንደማይቻል ልጁ ነግሯቸዋል፤ የፊት ጎማዎቹ መሬት ላይ ከዞሩ ውስጥ ያሉት ሞተሮች ኤሌክትሪክ ያመነጫሉና። የ611ዱን ፎቶ፣ የሜገሩን ንባብና የተጣበቀውን የመሪ ክዳን ፎቶ ወረቀት ላይ አትሞ ሰጣቸው። በዚያ ወረቀት ወደ ሻጩ ሊመለሱ ነው። ልጁ ለድካሙ የጠየቀው የምርመራ ብቻ ነው፤ እሱንም ግማሹን ነው ያገኘው።

ትናንት ደግሞ ደውሎ «ቲቸር፣ ጓንቱን የት ነው የምገዛው?» አለኝ። የት እንደሚገኝ የምታውቁ ኮመንት ላይ ጻፉለት። ሌሎቻችሁም ሼር አድርጉት፤ መኪና ሊገዛ ብር ቋጥሮ ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈር ሰው በመካከላችን አለ።

ሰላም ዋሉ።